የፎም ጭንቅላት ይዞ ሽሮ ሜዳ መውጣት

ያን ቀን ከቤት የወጣሁት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ መርካቶ ወርጄ ነጋዴዎች ዊግ የሚያሳዩበትን ነጭ የፎም ጭንቅላት ገዝቼ ሽሮ ሜዳ መመለስ። ይኸው ነው። እንኳን የሰፈር ወሬ ሊሆን፣ ለቤት ሰው እንኳ ተለይቶ የሚነገር ጉዳይ አልነበረም። ግን ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ ያ ጭንቅላት ከመርካቶ ተነስቶ እኛ ግቢ እስኪገባ፣ ከገባም በኋላ ያስከተለውን ጣጣ ለማንም በአጭሩ ልነግር ሞክሬ ሆኖልኝ አያውቅም። ስለዚህ ስኒያችሁን ያዙና ከሥሩ ላውራችሁ። መሀል ላይ ወዲያ ወዲህ ብል አትቀየሙኝ፣ ተመልሼ እመጣለሁ።

የእኔ እንጀራ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ ለሱቅ የዕቃ መቆጣጠሪያ፣ ለትምህርት ቤት የውጤት መመዝገቢያ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። አንድ አብሮ አደጌ ደግሞ የጤና ተማሪዎችን ያስተምራል። ሁለታችንም ጉለሌ ተወልደን፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች መንገድ እየለቀቅን ትምህርት ቤት የተመላለስን ነን። አንድ ማታ ቤቴ መጥቶ ከቦርሳው ወረቀት አወጣና “እስቲ ይህ ምንድን ነው?” አለኝ። ፎቶ ኮፒ ነው። ከፎቶ ኮፒ ላይ የተነሳ ፎቶ ኮፒ። አንጎል መሆኑን ከዙሪያው ገመትኩ እንጂ ግንባሩ በየት፣ ማጅራቱ በየት እንደሆነ አይለይም፤ መሀሉ ላይ ቀለሙ ተደፍቶበት ጠቁሯል።

“ተማሪዎቼ እጅን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል የሚማሩት በዚህ ነው” አለኝ። “ስሙን ይሸመድዱታል፣ ፈተና ላይም ይጽፉታል። ግን ያ ቦታ በኤሌክትሪክ ሲነካ እጅ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አንዳቸውም አይተው አያውቁም። የሚያሳያቸውም የለም።”

ያ ጥቁር ወረቀት እንቅልፍ ነሳኝ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ሥራዬን እየጨረስኩ ሌሊቱን ለእሱ ሰጠሁ። የፈለግነው ኢንተርኔት የማይጠይቅ፣ በአማርኛ የሚናገር፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ መማሪያ ነው። ስክሪኑ ላይ የሰው ራስ አለ፤ ከጎኑ ደግሞ የቀኝ እጅ ሥዕል። ተማሪው ስምንት ቁጥር የሚመስል የመዳብ ጥቅልል በማውዝ ይይዝና ራሱ ላይ ያሳርፈዋል፤ ኃይሉን ይመርጣል፤ ይጫናል። ቦታውን ካገኘውና ኃይሉ ከበቃ አውራ ጣቱ ብድግ ይላል። ካልሆነም ምንም የለም፤ ጠጋ፣ ራቅ፣ ዞር እያደረገ ይፈልጋል። የእውነተኛው መሣሪያ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1985 እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ በአንቶኒ ባርከርና በባልደረቦቹ የተሠራው ነው። በጥቅልሉ ውስጥ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ እሱ መግነጢስ ይፈጥራል፤ መግነጢሱ ያለ ምንም ቀዳዳ አጥንቱን ያልፍና ከሥሩ ባለው አንጎል ውስጥ እንደገና ኤሌክትሪክ ይሆናል። የሰውዬው አውራ ጣት ሳያዘው ይዘላል። እኔ ይህን መጀመሪያ በቪዲዮ ያየሁ ቀን ከወንበሬ ተነስቻለሁ።

ከዚህ ሁሉ የጠናብኝ ውስጡን ማሳየት ነበር። ጣቱ ሲዘል ማየት አንድ ነገር ነው፤ ለምን እንደዘለለ ማየት ሌላ። የነርቭ ሕዋስ አርፎ በተቀመጠበት ሰዓት ውስጡ ከውጭው ሲነጻጸር 70 ሚሊቮልት ያህል ከዜሮ በታች ነው። ትንሽ ኤሌክትሪክ ብትሰጡት ትንሽ ከፍ ይልና ተመልሶ ይረጋል። እየጨመራችሁ ሄዳችሁ ከዜሮ በታች 55 አካባቢ ስታደርሱት ግን የሶዲየም በሮቹ ባንድ ጊዜ ይከፈቱና በቅጽበት ከዜሮ በላይ ይወረወራል። ልክ እንደ ክብሪት ነው፤ ለስለስ አድርጋችሁ ብትጭሩት አይነድም፣ አንዴ ከነደደ ግን በዝግታ ጫራችሁት በኃይል፣ ነበልባሉ ያው ነው። ይህን በሒሳብ የጻፉት አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ ናቸው፤ ስኩዊድ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ትልቅ ነርቭ ላይ ለክተው እ.ኤ.አ. በ1952 አሳተሙት፣ በ1963 ኖቤል ተሸለሙበት። እነሱ የጻፏቸው እኩልታዎች ናቸው እኔ ቤት፣ ሽሮ ሜዳ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ገብተው የሚሠሩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ለምን ይህን ያህል ትደክማለህ፣ መጽሐፍ አይበቃም ወይ የሚሉኝ አሉ። መልሴ ትንሽ ከሩቅ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1870 በርሊን ውስጥ ጉስታፍ ፍሪችና ኤድዋርድ ሂትዚግ የውሻን አንጎል በኤሌክትሪክ እየነኩ በተቃራኒው በኩል ያለው እግር እንደሚንቀሳቀስ አሳዩ። ዩኒቨርሲቲው ቦታ ስላልነበረው ሥራው የተካሄደው በሂትዚግ መኖሪያ ቤት ነበር። አራት ዓመት ቆይቶ አሜሪካ ሲንሲናቲ ውስጥ ሮበርት ባርቶሎው የሚባል ሐኪም ሜሪ ራፈርቲ የምትባል ሴት አገኘ። ራሷ ላይ ያለ ቁስል አጥንቱን በልቶት አንጎሏ ይታይ ነበር። ባርቶሎው መርፌ እያስገባ በኤሌክትሪክ ነካው። እጇ ተንቀሳቀሰ፤ እሱም ኃይሉን ጨመረ። ሴትዮዋ ተንዘፈዘፈች፣ ራሷን ሳተች፣ ከቀናት በኋላም ሞተች። እኔ ስለዚች ሴት ካነበብኩ ወዲህ ያንን ኃይል መጨመሪያ ቁልፍ ያለ እሷ አስቤው አላውቅም። ተማሪ ቁልፉን ከልክ በላይ መጫኑ አይቀርም፤ መጫን አለበት፣ ካልተጫነው ልኩን አያውቀውም። ታዲያ የሚጫነው ሰው ላይ ሳይሆን ሥዕል ላይ ይሁን። ድካሜ ሁሉ ለዚህ ነው።

ወደ ጭንቅላቱ ልመለስ።

ጥቅልሉ የት ላይ እንደሚያርፍ ለማወቅ ራስ ይለካል። ኸርበርት ጃስፐር እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው ደንብ አለ፤ ከአፍንጫ ሥር፣ ሁለቱ ዓይኖች መሀል ካለችው ጎድጓዳ ተነስቶ ማጅራት ላይ እስካለችው ጉብታ ይለካል፤ እኩሌታው አናት ነው። ከዚያ ከአንዱ ጆሮ ፊት እስከ ሌላው ጆሮ ፊት በአናት ላይ አሳልፎ መለካት፣ ከአናትም የርዝመቱን 20 በመቶ ያህል ወደ ግራ መውረድ። ቀኝ እጅን የሚያዘው ክፍል ከዚያ አካባቢ፣ ከራስ ቅሉ ሥር ነው። ይህን ስክሪን ላይ በትክክል ለመሳል ከየአቅጣጫው ፎቶ የማነሳው፣ በማርከር የምጽፍበት ራስ አስፈለገኝ። መርካቶ ሄድኩ፤ አንድ ሰው ሠራሽ ፀጉር የሚሸጥ ወጣት አንዱን ከመደርደሪያ አውርዶ በስስ ፌስታል ሰጠኝ። ሜትር ደግሞ ከአንድ ልብስ ሰፊ ተውሼ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ስድስት ኪሎ ስደርስ ዝናብ ወረደ። የክረምት ዝናብ፣ ያ የእንጦጦው። የሽሮ ሜዳ ታክሲ ሰልፍ የሰማዕታት ሐውልቱን ዙሪያ ይዞ ተጠማዟል፤ ፌስታሉ ረጥቦ ተቀደደ። ጭንቅላቱን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆምኩ። ነጭ ነው፣ ዓይን የለውም፣ ከንፈር ግን አለው። አንዲት ሕፃን በእናቷ ነጠላ ውስጥ ሆና አየችውና ፊቷን መለሰች፤ አንድ ሽማግሌ አማተቡ። ተራዬ ደርሶ ስገባ ረዳቱ “አባት፣ ጭንቅላቱን ጭንዎ ላይ ያድርጉልኝ፣ ሰው ይቀመጥበት” አለኝ፤ ሰውም ሳቀ። እኔም ጭኔ ላይ አደረግኩት።

አጠገቤ የተቀመጠው ተማሪ ቢጤ ወጣት ነበር። “ይቅርታ፣ ለምንድን ነው?” አለኝ። እኔ ደግሞ ስለዚህ ነገር ጠይቆኝ መልስ ያጣ ሰው የለም። ሜትሩን አወጣሁ። ከአፍንጫው ሥር ይዤ፣ በአናቱ አሳልፌ፣ ማጅራቱ ላይ አደረስኩ፤ በማርከር ነጥብ አኖርኩ፤ ወደ ግራ ወረድኩና ሌላ ነጥብ። “እዚህ ጋ ኤሌክትሪክ ሲነካው የቀኝ እጅ አውራ ጣት ይንቀሳቀሳል” አልኩት። ለካ ታክሲው ጸጥ ብሏል፤ ሹፌሩ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎታል። ከኋላ ቢጫ ጀሪካን እግሯ ሥር ያደረገች ሴት፣ ዐሥር ዓመት የምትሆን ልጅ ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚወጡ ነበሩ። ጎንበስ ብላ “ወንድሜ፣ እዚያ ጋ ሲነኩት ነው የሚድነው?” አለችኝ።

“በኮምፒውተር ላይ ነው እህቴ፣ ሰው ላይ አይደለም፤ ለተማሪዎች...” እያልኩ “ሽሮ ሜዳ ወራጅ!” ተባለ፤ በሩ ተከፈተ፤ ዝናቡ ገባ፤ ሰው ሰውን እየገፋ ወረደ። የቀረው ቃሌ ታክሲው ውስጥ ቀረ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ ስትሄድ የሰማችውን ግማሹን ይዛ ነው። ከእኛው እድር የሆኑ አንዲት እናት ደግሞ እዚያው ታክሲ ውስጥ ነበሩ፤ ቤቴን ያውቁታል።

ቅዳሜ ጠዋት አብሮ አደጌ ጥቂት ተማሪዎች ይዞ መጥቶ ፕሮግራሙን ሊሞክሩት ተቀጣጥረናል። በር ሲንኳኳ እነሱ መስለውኝ ከፈትኩ። ያቺ ሴት ከነልጇ ቆማለች። ከኋላዋ እኚያ የእድራችን እናት፣ ራሳቸውን በመቀነት ጠፍረው ያሰሩ ሌላ ሴት፣ ከታች ሰፈር የመጣ ወጣት፣ በልጅ ልጃቸው ትከሻ የተደገፉ ሽማግሌ። “ጭንቅላት በኤሌክትሪክ የሚያክም ሰው ሽሮ ሜዳ አለ” ተብሎ ነው። ገና አፌን ሳልከፍት እናቴ ከጓዳ “ኧረ ግቡ፣ ምን በር ላይ አቆማቸው!” አለች። እናቴ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ማየት አትወድም። ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር መጣ፣ ከሰል ተያያዘ፣ ቡና ታጠበ። ተማሪዎቹም በዚያው መሀል ገቡና ቤቱ ሞላ።

እኔ መሀል ላይ ቆሜያለሁ። የፎም ጭንቅላቱ ኮሞዲኖ ላይ ነው፤ ለፎቶ ብዬ የሠራሁት የመዳብ ጥቅልል ላዩ ላይ ተደርጓል፤ የሽቦው ጫፍ ከምንም ጋር አልተያያዘም፣ እንዲሁ ተንጠልጥሏል። ሰው ሁሉ እሱን ያያል። ልናገር አስቤ ቃል አጣሁ። ያን ጊዜ ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሱ። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሲያርፍ ይብስበታል፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸው እንክብል የሚያሽከረክሩ ይመስላሉ። በግራ እጃቸው ቆባቸውን አወለቁ፣ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ፣ ወደ እኔ ሁለት እርምጃ መጡና ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰጡኝ። “እንግዲህ ልጄ፣ ከቻልክበት” አሉኝ። ሽበታቸው ስስ ነው፤ አናታቸው ላይ አሮጌ ጠባሳ አለ። ራሳቸውን ዝቅ እንዳደረጉ ቆዩ። እኔ እጄ ላይ ምንም የለኝም። ተማሪዎቹ ያዩኛል፣ እናቴ ከረከቦቱ አጠገብ ሆና ታየኛለች፣ እግሬ ከመሬት ጋር የተሰፋ መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም፤ እንደዚያ የታመንኩበትም ቀን የለም።

“አባባ፣ ይቀመጡ” አልኳቸው በመጨረሻ። “እኔ ሐኪም አይደለሁም። ይህ መሣሪያ ሥዕል ነው፤ ተማሪዎች እንዲማሩበት የሠራነው። ማንንም አይነካም፣ ማንንም አያክምም።”

ቤቱ ዝም አለ። ራሳቸውን ያሰሩት ሴት “ወይ!” አሉ፤ ከዚያ ወዲያ የተናገሩት የለም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እነዚህ ሰዎች ከየት ከየት ዳገቱን ወጥተው እንደመጡ ሳስብ ዛሬም አንጀቴ ይላወሳል።

ሽማግሌው ግን ቆባቸውን መልሰው አደረጉና ተቀመጡ፤ ፊታቸው አልጠቆረም። “እኔ እኮ ኤሌክትሪክ መድኃኒት ነው ሲሉኝ ያመንኩት ያለ ነገር አይደለም” አሉ። ወታደር ሳሉ ጋምቤላ ነበሩ። ባሮ ወንዝ ውስጥ ጓደኛቸው አንድ ዓሣ ሲይዝ ክንዱ ደንዝዞ ወደ ኋላ እንደወደቀ አጫወቱን። ያ ዓሣ የኤሌክትሪክ አምባዛ ነው፤ እስከ 350 ቮልት ያመነጫል። ከዚያ እኔ ልሳኔ ተፈታ። የሮማው ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርገስ የዛሬ 2000 ዓመት ገደማ ለራስ ምታት የባሕር የኤሌክትሪክ ዓሣ ግንባር ላይ ያደርግ እንደነበር፣ ኢዮብ ሉዶልፍም እ.ኤ.አ. በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ የሀገራችን ሰው ለንዳድ በሽታ እንደዚህ ባለ ዓሣ ይታከም እንደነበር መጻፉን ነገርኳቸው። “አየህ!” አሉ ሽማግሌው ደስ ብሏቸው፤ ተማሪዎቹም ደብተር አወጡ። ያላሰብኩት ትምህርት በዚያ ተጀመረ።

ስለ እጃቸው አብሮ አደጌ ተናገረ። ሲያርፍ የሚንቀጠቀጥ እጅ በነርቭ ሐኪም መታየት እንዳለበት፣ በሽታው እሱ የሚጠረጥረው ከሆነም የሚዋጥ ክኒን እንዳለው በቀስታ አስረዳቸው። ኤሌክትሪክ አለ ወይ ብለው ጠየቁ፤ አለ። ፈረንሳዊው ሐኪም አሊም-ሉዊ ቤናቢድ እ.ኤ.አ. በ1987 ግረኖብል ውስጥ እጁ የሚንቀጠቀጥ በሽተኛን አንጎል በጥልቀት በቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ እየነካ፣ የኤሌክትሪኩን ምት ፍጥነት ከፍ ሲያደርገው መንቀጥቀጡ ቀጥ ማለቱን አየ። ግን ይህ በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በብዙ ባለሙያ የሚሠራ ነው፤ አስቀድሞም መድኃኒቱ መሞከር አለበት። ሽማግሌው ሁሉንም ሰምተው “እንዲያ በለኛ” አሉ። ለሐኪም የሚያሳዩት ማስታወሻም ተጻፈላቸው።

ከዚያ እንግዲህ ፕሮግራሙን ላሳያቸው ላፕቶፑን ከፈትኩ። ባትሪው ካረጀ ቆይቷል፤ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይሠራም። የልጅቱ እናት ጠጋ አለች፣ ልጅቱም። ጥቅልሉን ወደ ነጥቡ አስጠግቼ ኃይሉን ከፍ አደረግኩ፤ ሕዋሱ ከ70 ወደ 60 መጣ፣ ተመለሰ፤ ደግሜ ጨመርኩ፤ ልጫን ጣቴን ሳነሳ መብራት ሄደ። ስክሪኑ ጠቆረ። ከከሰሉ ፍም በቀር የሚበራ አልነበረም፤ ውጭው ደመና ነው። የሽማግሌው የልጅ ልጅ በዚያ ጸጥታ ውስጥ “አንጎሉም መብራት ሄደበት?” ብሎ ጠየቀ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እናቴም ጭምር።

ጥያቄው ግን ከባድ ጥያቄ ነው። አንጎል መብራቱን ከየት ያገኛል? ከምንበላው ነው። ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ሆኖ ካለን ኃይል ከመቶ 20 እጅ ያህሉን ይወስዳል፤ ሲሰላ 20 ዋት ገደማ ነው፣ ከአንዲት ትንሽ አምፖል የማይበልጥ። አብዛኛውን የሚያጠፋው ሕዋሶቹ ያስገቡትን ሶዲየም መልሰው እያወጡ ለሚቀጥለው ጊዜ ለመዘጋጀት ነው። ይህን ለልጁ በጨለማ ውስጥ ነገርኩት። ሃክስሊም ያን ትልቅ ስሌቱን ሊሠራ ሲነሳ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ለማሻሻያ ተዘግቶ እንደነበርና በእጅ በሚዞር የሒሳብ ማሽን እያዞረ እንደጨረሰው ጨመርኩለት። ልጁ ይህኛውን ወደደው። እኛም የፎም ጭንቅላቱን ቡናው አጠገብ አውርደን፣ ተማሪዎቹ በማርከር እያሰመሩ፣ እግር የቱ ጋ፣ እጅ የቱ ጋ፣ ከንፈርና ምላስ የቱ ጋ እንደሚታዘዙ አንድ በአንድ ጻፉበት። ዋይልደር ፔንፊልድ ሞንትሪያል ውስጥ በቀዶ ሕክምና ላይ ነቅተው የሚያወሩ በሽተኞችን እየጠየቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ከባልደረባው ጋር ያሳተመው ካርታ ነው ይህ። እጅና ፊት ከሌላው አካል ይልቅ ሰፊ ቦታ የያዙበት።

የልጅቱ እናት የተናገረችው ሦስተኛው ቡና ላይ ነው። ልጅቱ ትወድቃለች። ድንገት ዓይኗ ይሰቀላል፣ ትንዘፈዘፋለች፣ አረፋ ይደፍቃታል። “ክብሪት ጭረን እናሸታታለን። አንዳንዴ ማንኪያ ጥርሷ መሀል እናስገባለን። ሰው ግን አይነካትም፣ ይጋባል ይላሉ።” ከዚያ የልጅቱን እጅጌ ከፍ አደረገችው፤ ከክርን በታች ምድጃ ላይ ስትወድቅ የተቃጠለችበት ጠባሳ አለ። ትምህርት ቤት ካቆመች ቆይታለች። እናቴ ረከቦቱን ገፋ አድርጋ “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እንኳን አወጣሽው” አለቻት።

በሀገራችን ይህ በሽታ ስንት ሰው እንደሚይዝ አስቀድመው ከቆጠሩት አንዱ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጽሑፍ ከ1000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት፣ ከእነሱም ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ከመቶ ሁለት እንኳ እንደማይሞሉ አሳየ። የሚጥል በሽታ ማለት እኔ ስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ የማሳየው ያ ሕዋስ ከብዙ ባልንጀሮቹ ጋር ያለ ሥርዓት ባንድ ላይ ሲተኩስ ነው። አይጋባም። አረፋውም አያስይዝም። ፌኖባርቢታል የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ፣ ርካሽ ክኒን ነው።

“ጠበሉን ልተወው እንዴ?” አለች እናቲቱ። ማንም ተዪ አላላትም። የቀድሞው ቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲይዙ ማሳሰባቸውን እኚያ የእድራችን እናት ያስታውሱ ነበርና እሳቸው ነገሯት። ሰኞ ጠዋት ከተማሪዎቹ አንዷ ጤና ጣቢያ ድረስ አብራት ሄደች። ልጅቱ መድኃኒት ጀመረች። እናቲቱ ዛሬም በቢጫ ጀሪካኗ ጠበል ትቀዳለች፤ ክኒኑንም ቀን አታጓድልም፤ ከሐኪም ፈቃድ ውጭ ባንዴ ማቋረጥ አደገኛ መሆኑን በደንብ ይዛዋለች።

ፕሮግራሙን ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ለውጠነዋል። ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው “ይህ መማሪያ ነው፤ ማንንም አያክምም” የሚል ጽሑፍ ነው፣ በትልቁ። ተማሪው ኃይሉን ከልክ አሳልፎ ደጋግሞ ሲጫን ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው መንዘፍዘፍ ይጀምራል፤ ጥቅልሉ ከተማሪው እጅ ይወሰዳል፤ “አሁን ምን ታደርጋለህ?” ይባላል። ከምርጫዎቹ ውስጥ ክብሪት አለ፣ ማንኪያ አለ፣ እጅና እግሩን ጨብጦ መያዝ አለ። ትክክለኛውን እስኪመርጥ ድረስ አያሳልፈውም። በእኔ እምነት ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ገጽ ነው፤ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚማር ሰው የሚወድቀውን ሰው መርዳት ካልቻለ ምን ተማረ ይባላል?

የእናንተም ቤት፣ የጎረቤታችሁም ቤት ይህ ነገር ይኖራልና እባካችሁ ያዙት። ሰው ሲወድቅባችሁ እሳትና ስለት ከአጠገቡ አርቁ፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ አንገቱ ላይ የጠበቀውን ፍቱ፤ መንዘፍዘፉ ጋብ ሲል በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ በኃይል አትያዙት፣ ክብሪቱንም ተዉት። ሰዓታችሁን እዩ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ካለፈለትም በኋላ ቤት ውስጥ አትደብቁት፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ መድኃኒት አለው።